የሙሽሮች ጉዞ ወደ ሮም

ከሠርግ ማግስት ሻንጣ ይዞ ሮም መውረድ በአውሮፓ መጀመሪያ የባላባቶች ልማድ ነበር። ቀስ በቀስ ወደ ነጋዴውና ወደ መንግሥት ሠራተኛው ወረደ፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ መንግሥት ራሱ በባቡር ትኬት ቅናሽ የሚገፋፋው ጉዳይ ሆነ። ጉዞው የሁለት ሰዎች የግል ነገር ይመስላል። ታሪኩ ሲገለጥ ግን ሙሽሮቹ የት እንደሚያድሩ፣ ምን እንደሚያዩና ስንት ቀን እንደሚቆዩ የወሰኑላቸው አብዛኛውን ጊዜ ሌሎች ናቸው፦ የባቡር ኩባንያ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መንግሥት፣ ኋላም ሲኒማና አየር መንገድ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሮም ከሠርግ ጋር ከመገናኘቷ በፊት የወጣት ወንዶች መማሪያ ነበረች። በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ባላባቶች ልጆቻቸውን ከአስተማሪ ጋር ወደ ፈረንሳይና ወደ ኢጣሊያ ይልኩ ነበር። ወጣቱ ዓመት ሁለት ዓመት እየተዘዋወረ ቋንቋ ይማራል፣ ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ ይመለከታል፣ በላቲን መጻሕፍት ያነበባቸውን ስፍራዎች በዓይኑ ያያል። የመንገዱ ዋና መድረሻ ሮም ናት፤ ሚስት የሚፈለግለት ከተመለሰ በኋላ ነው። የናፖሊዮን ጦርነቶች በ1815 አብቅተው መንገዱ ሲከፈት ተጓዡ ተለወጠ። አባወራዎች ከነቤተሰባቸው፣ ሴቶችም በብዛት ወደ ደቡብ መጓዝ ጀመሩ፤ አዲስ ተጋቢዎችም ከነዚሁ መካከል ነበሩ።

በእንግሊዝ የሙሽሮች ጉዞ አስቀድሞ የዘመድ መጠየቂያ ነበር። ሠርጉ ላይ መገኘት ያልቻሉትን አክስትና አጎት በየአገራቸው እየዞሩ መሳለም ማለት ነው፤ የሙሽሪት እኅት ወይም ጓደኛ አብራ መሄዷም ነውር አልነበረም። አቅም ያላቸው ባሕር ተሻግረው ወደ ኢጣሊያ ማቅናት ሲጀምሩ ጉዞው ዘመድ ከመጠየቅ ይልቅ ከዘመድ ዓይን መራቂያ ሆነ። ያኔ ከለንደን ሮም በፈረስ ሠረገላ ሳምንታት ይፈጃል። የአልፕስን ተራሮች መውጣትና መውረድ አለ፤ ኢጣሊያ ገና አንድ አገር ስላልነበረች በየትንንሹ ግዛት ኬላ ፓስፖርት ማሳየትና ሻንጣ ማስፈተሽም አለ። ይህን ሁሉ ያለፈ ሰው በሦስት ቀን አይመለስም፤ የብርዱን ወራት እዚያው ተቀምጦ ያሳልፋል።

የዚህን ረጅም ጫጉላ መልክ ከማንም በላይ አሳምራ ያሳየችው ጆርጅ ኤልየት ናት። በ1871 እና በ1872 የታተመው «ሚድልማርች» የተባለው ልብ ወለዷ ዶሮቲያ የተባለች ወጣት በዕድሜ እጅግ የሚበልጣትን ምሁር አግብታ ሮም ስትከርም ያሳያል። ባል ቀኑን በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት ሲያሳልፍ ሚስት በማታውቀው ከተማ ፍርስራሽ መካከል ብቻዋን ትቀራለች። ታሪኩ የተቀመጠው በ1830 አካባቢ ነው። ልብ ወለድ ይሁን እንጂ የዘመኑን ችግር በትክክል ይነካል፤ ከሠርጋቸው በፊት ብቻቸውን እንኳ ብዙ ያልተነጋገሩ ሁለት ሰዎች ለወራት በባዕድ አገር እርስ በርስ ብቻ ሲተያዩ ጉዞው ከመዝናኛነቱ ይልቅ ፈተናነቱ ሊያይል ይችላል።

እንግሊዞቹ የሚያርፉት ፒያሳ ዲ ስፓኛ በሚባለው አደባባይ ዙሪያ ነበር። ከአደባባዩ ወደ ኮረብታው የሚወጡት ታዋቂ የስፔን ደረጃዎች በ1720ዎቹ በፍራንቼስኮ ደ ሳንክቲስ ንድፍ የተሠሩ ናቸው። ባለቅኔው ጆን ኪትስ በ1821 የሞተው ከደረጃዎቹ ጎን ባለው ቤት ነው። ቡና የሚጠጣው በ1760 በተከፈተው ካፌ ግሬኮ ሲሆን፣ ከ1840ዎቹ ወዲህ ደግሞ የለንደኑ አሳታሚ ጆን መሪ ያወጣው የመንገድ መሪ መጽሐፍ በየእንግዳው እጅ ላይ ይታይ ነበር። መጽሐፉ የትኛው ሥዕል እንደሚደነቅ፣ የትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደሚታለፍ ይናገራል፤ ሙሽሮቹም በአመዛኙ በታዘዙበት ይሄዱ ነበር።

የጉዞውን ወቅት የሚወስነው ወባ ነበር። ሮምና ዙሪያዋ ያለው ረግረጋማ ሜዳ በሞቃቱ ወራት በትኩሳት የታወቀ ስለነበር የውጭ እንግዳ ከኅዳር ገደማ ገብቶ ከፋሲካ በኋላ ይወጣል። በሰኔ የተጋቡ ወደ ስዊስ ተራሮች ወይም ወደ ሰሜን ኢጣሊያ ሐይቆች ቢሄዱ ይሻላቸው ነበር። በሽታው ከሌሊት አየር የሚመጣ ይመስላቸው ስለነበር ኮሎሲየምን በጨረቃ ብርሃን ማየት፣ በየመጽሐፉ የሚወደስ ደስታ ሆኖ ሳለ፣ በየመጽሐፉ የሚወገዝ ድፍረትም ነበር። ሄንሪ ጄምስ በ1878 ባሳተመው «ዴዚ ሚለር» ዋናዋ ልጅ የምትሞተው በኮሎሲየም ካመሸች በኋላ ነው። ጆቫኒ ባቲስታ ግራሲና ባልደረቦቹ ወባን ወደ ሰው የምታስተላልፈው አኖፌለስ ትንኝ መሆኗን በ1898 ሲያረጋግጡ አየሩ ነጻ ወጣ፤ የሰዉ ፍርሃት ግን ከዚያ በኋላም ለመብረድ ጊዜ ወስዷል።

ወራቱን ወደ ቀናት ያሳጠረው ባቡር ነው፤ ሮም ግን ባቡርን የተቀበለችው ዘግይታ ነው። ከተማዋን እንደ ንጉሥ ያስተዳድሩ የነበሩት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ግሪጎሪዮስ 16ኛ በግዛታቸው የብረት ሐዲድ እንዳይዘረጋ ከልክለው ነበር። ተተኪያቸው ፒዮስ 9ኛ ፈቀዱ፤ በ1856 ሮምን ከፍራስካቲ፣ በ1859 ደግሞ ከቺቪታቬኪያ ወደብ ጋር የሚያገናኝ መስመር ተከፈተ። በዚህ ጊዜ ሙሽሮች በመርከብ ቺቪታቬኪያ ወርደው በባቡር ሮም መግባት ቻሉ። ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን ከፖለቲካው ጋር ነው። በሴፕቴምበር 20 ቀን 1870 የኢጣሊያ ጦር የሮምን ቅጥር ደርምሶ ገባ፤ በ1871 ከተማዋ የተባበረችው ኢጣሊያ ዋና ከተማ ሆነች፤ በዚያው ዓመት በፈረንሳይና በኢጣሊያ መካከል ተራራውን ሰንጥቆ የሚያልፈው 13 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የፍሬጁስ የባቡር ዋሻ ተመረቀ። ከለንደን ሮም ሦስት ቀን የማይሞላ መንገድ ሆነ። መንገዱ ሲያጥር ቆይታውም አጠረ፤ ሳምንት የማይሞላ የሙሽሮች ሮም የተወለደው በእነዚህ ዓመታት ነው።

ቶማስ ኩክ የተባለው እንግሊዛዊ የጉዞ አዘጋጅ ደንበኞቹን መጀመሪያ ወደ ኢጣሊያ ያመጣው በ1864 ነበር። በ1868 የጀመረው የሆቴል ኩፖን ለአዲስ ተጋቢዎች ትልቅ ግልግል ነው። ተጓዡ ለአልጋና ለምግብ አገሩ ላይ አስቀድሞ ይከፍልና ሆቴሉ ሲደርስ ወረቀቱን ብቻ ያስረክባል፤ ቋንቋ የማያውቅ ባል በሚስቱ ፊት በዋጋ ከመከራከር ይድናል። የኩክን እንግዶች ባላባቶቹ እንደ መንጋ ይንቋቸው ነበር። ንቀቱ የመደብ እንጂ የሌላ አልነበረም፤ ባላባቶቹም ያዩት ያንኑ ኮሎሲየም ነው።

ከተማዋም ፊቷን ወደ ባቡር ጣቢያው አዞረች። የቴርሚኒ ጣቢያ ሕንፃ በ1874 ተጠናቀቀ፤ ከሱ ወደ መሀል ከተማ የሚወስደው ቪያ ናሲዮናሌ የተባለ ሰፊ ጎዳና በሱቅና በሆቴል ተሞላ። በ1894 ሴዛር ሪትስ ከጣቢያው ብዙም ሳይርቅ ግራንድ ሆቴልን ሲከፍት የኤሌክትሪክ መብራትና ለየክፍሉ የተለየ መታጠቢያ ይዞ መጣ። ቀድሞ በጋራ ኮሪደር ሲመላለሱ ለነበሩ ሙሽሮች የተለየ መታጠቢያ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። አቅም የሌለው በዚያው ሰፈር ባሉ ፔንሲዮኖችና ርካሽ አልቤርጎዎች ያድራል።

ከጣቢያው የሚወጣ እንግዳ መጀመሪያ የሚረግጠው አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ ይባላል፤ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ እንደ ማለት ነው። አምስት መቶዎቹ በጃንዋሪ 1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር የተደመሰሱት የኢጣሊያ ወታደሮች ናቸው። በዚያው ዓመት በጁን ለመታሰቢያቸው በጣቢያው ፊት ሐውልት ቆመ፤ አናቱ ላይ የተተከለው ከጥቂት ዓመታት በፊት በሮም መሬት ውስጥ የተገኘ የግብፁ የዳግማዊ ራምሴስ ሐውልት ነበር። በ1920ዎቹ ሐውልቱ እዚያው አጠገብ ወዳለ የአትክልት ስፍራ ተዛወረ፤ የአደባባዩ ስም ግን እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ከሐበሻ ምድር የተገኘ ሽንፈት የሮምን ዋና መግቢያ ስም እንደሰየመ ከሚወርዱት ሙሽሮች ብዙዎቹ አያውቁም።

ለኢጣሊያውያን ራሳቸው የሙሽሮች ጉዞ የከተሜ ነገር ነበር። ሐኪሙ፣ ጠበቃውና የመንግሥት ሹሙ ከሠርግ በኋላ ቬኒስን፣ ፍሎረንስን፣ ሮምንና ኔፕልስን ይጎበኛል። ከሕዝቡ የሚበዛው ገበሬ ግን አይጓዝም። ሙሽሪት ወደ ባሏ ወላጆች ቤት ትገባለች፤ በአንዳንድ የደቡብ መንደሮችም ለቀናት ከደጅ አትወጣም። ይህ በኢትዮጵያ የጫጉላ ልማድ ላደገ አንባቢ እንግዳ አይሆንም። ሠርጉ ራሱም ከ1866 ጀምሮ ሁለት ሆኖ ነበር፤ አዲሱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሚያውቀው በማዘጋጃ ቤት የተፈጸመውን ጋብቻ ብቻ ስለነበር ሃይማኖተኛው አንዴ በመዝገብ ሹም፣ አንዴ በካህን ፊት ይቆም ነበር። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ከተማቸውን የነጠቃቸውን መንግሥት አንቀበልም ብለው ከቫቲካን ሳይወጡ ኖሩ። በዚህ ምክንያት ሮም የመጣ ካቶሊክ ሙሽራ በአንድ ከተማ ሁለት የተኳረፉ ጌቶችን ይጎበኝ ነበር ማለት ይቻላል። ኩርፊያው ያበቃው በፌብሩዋሪ 1929 በተፈረመው የላተራን ስምምነት ነው፤ ከዚያ ወዲህ በቤተ ክርስቲያን የተፈጸመ ጋብቻ በሕግም እንዲጸና ተደረገ።

ስምምነቱን የፈረመው ሙሶሊኒ ከጋብቻ የሚፈልገው ሌላ ነገር ነበር። በ1927 ባደረገው ንግግር የኢጣሊያ ሕዝብ ቁጥር መብዛት አለበት ብሎ አወጀ፤ በዚያው ዓመት ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 65 ዓመት የሆኑ ያላገቡ ወንዶች ግብር እንዲከፍሉ ተደረገ። ላጤውን የቀጣ መንግሥት ሙሽራውን መሸለም ነበረበት። በ1931 ሠራተኛው ለእሑድ ሽርሽር በቅናሽ የሚሳፈርባቸው የሕዝብ ባቡሮች የሚባሉት ሥራ ጀመሩ፤ በተከታዮቹ ዓመታት ከሠርግ በኋላ ሮምን ለመጎብኘት ለሚመጡ አዲስ ተጋቢዎች ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚደርስ የትኬት ቅናሽ ተፈቀደ። ከመንደሩ ወጥቶ የማያውቅ ጥንድ ከካላብሪያ ወይም ከቬኔቶ ተነሥቶ ዋና ከተማውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው በዚህ ትኬት ነው። ቅናሹ ቬኒስን ወይም ካፕሪን ለማየት ሳይሆን በተለይ ለሮም መሰጠቱ ዓላማውን በግልጽ ያሳያል። ፍቅረኞች የት ቢሄዱ ይሻላቸዋል የሚለውን ጥያቄ ያሰበበት ሰው አልነበረም።

የሚታየውም ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸው ነበር። በኦክቶበር 28 ቀን 1932 ከፒያሳ ቬኔሲያ እስከ ኮሎሲየም የሚዘልቅ ሰፊ ጎዳና ተመረቀ። ለሱ ሲባል የመካከለኛው ዘመን ሰፈር ከነቤቶቹ ፈርሷል፤ ነዋሪዎቹም ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተገፍተዋል። በዚያው ዕለት የፋሽስት አብዮት ዐውደ ርእይ ተከፈተ። በ1934 በጎዳናው ላይ የጥንቷን ሮም ግዛት መስፋፋት የሚያሳዩ አራት የእብነ በረድ ካርታዎች በግንብ ላይ ተሰቀሉ፤ በ1936 አምስተኛ ተጨመረ፤ በአምስተኛው ላይ ኢትዮጵያ የአዲሱ ግዛት አካል ሆና ተሥላ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ አራቱ እዚያው ሲቀሩ አምስተኛው ተነሥቷል። መንግሥት ሠርጉንም ራሱ ወደ ሮም ጠራ፦ በኦክቶበር 1933 ከ2 ሺህ በላይ ጥንዶች በአንድ ቀን እንዲጋቡ አድርጎ ሰልፋቸውን በፊልም አስቀርጿል።

ያው መንግሥት የሰጠውን ቀለበት መልሶ ጠይቋል። ኢትዮጵያን በመውረሩ የዓለም መንግሥታት ማኅበር በኖቬምበር 1935 ማዕቀብ ሲጥልበት ለጦርነቱ ወርቅ እንዲዋጣ አወጀ። በዲሴምበር 18 ቀን 1935 ንግሥት ኤሌና በፒያሳ ቬኔሲያ በሚገኘው የእናት አገር መሠዊያ ላይ የራሷንና የባሏን የጋብቻ ቀለበት ቀድማ ሰጠች፤ ሚስቶች ከኋላዋ ተሰለፉ፤ በምትኩ የብረት ቀለበት ተቀበሉ። በሮም ብቻ ከ250,000 በላይ ቀለበቶች ተሰበሰቡ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በቅናሽ ትኬት መጥተው በዚሁ መሠዊያ ፊት ፎቶ የተነሡ ሙሽሮች ቀለበታቸው ወደ ጥይትና ወደ ጋዝ ሲለወጥ የሚያደርሰውን ግፍ ማሰባቸው አይታወቅም፤ የዘመኑ ጋዜጦች የሚያሳዩት ግን ደስታውን ብቻ ነው።

ድሉ ከታወጀ በኋላ የሙሽሮቹ የጉብኝት መንገድ በተዘረፉ ዕቃዎች ተጌጠ። በአዲስ አበባ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት የነበረው የይሁዳ አንበሳ በሜይ 1937 ቴርሚኒ አጠገብ በዶጋሊ ሐውልት ሥር ተቀመጠ። በጁን 1938 ኤርትራዊው ዘርዓይ ደረስ እዚያው አንበሳው ፊት ሰይፍ መዝዞ ተቃውሞውን ገለጠ፤ ተይዞም በ1945 በሲሲሊ በአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ውስጥ ሞተ። ቀደም ብሎ በ1937 መጨረሻ ገደማ ከአክሱም ተቆራርጦ የመጣው፣ ቁመቱ 24 ሜትር ገደማ የሆነው ሐውልት በጥንቱ የፈረስ ግልቢያ ሜዳ ጫፍ ላይ በቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ፊት ተተከለ። አንበሳው በ1960ዎቹ ተመለሰ። የአክሱም ሐውልት ግን በ1947ቱ የሰላም ውል እንዲመለስ ቢወሰንም እስከ 2003 ድረስ ሲጎበኝ ኖሮ በ2005 ወደ አክሱም ተወሰደ፤ በ2008 በቦታው ቆሞ ተመረቀ። ከ1937 እስከ 2003 ድረስ ሮም የመጡ ሙሽሮች ትውልድ ሁሉ ከኮሎሲየም አልፎ ይህን ሐውልት ሳያይ አልተመለሰም ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

ቤተ ክርስቲያንም የራሷን አቀባበል አደራጀች። ፒዮስ 11ኛ ሙሽሮችን በቡድን ይቀበሉ ነበር፤ ፒዮስ 12ኛ በ1939 ከተመረጡ በኋላ ይህን ወደ መደበኛ ትምህርት ለወጡት። ከኤፕሪል 1939 እስከ 1943 አብዛኛውን ጊዜ ረቡዕ ረቡዕ ለአዲስ ተጋቢዎች ብቻ ስለ ጸሎት፣ ስለ መተማመንና ስለ ልጆች እየተናገሩ ይባርኳቸው ነበር፤ ንግግሮቹ ተሰብስበው በመጽሐፍ ታትመዋል። ወቅቱን ማስታወስ ያሻል። ኢጣሊያ በጁን 1940 ጦርነት ገብታለች፤ ከሚሰሙት ባሎች ብዙዎቹ ወታደሮች ናቸው፤ ጫጉላውም የዕረፍት ፈቃዳቸው ርዝመት ያህል ነው። በጁላይ 19 ቀን 1943 አውሮፕላኖች የሳን ሎሬንሶን የባቡር ግቢና ሰፈሩን ሲደበድቡ ባቡሩም ጉዞውም ተቋረጠ። ተባባሪ ኃይሎች ሮም የገቡት በጁን 4 ቀን 1944 ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ልማዱ ራሱን ችሎ ተመለሰ። የፋሽስቱ ቅናሽ ቢቀርም ሮም ሄዶ በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ መባረክ ለደቡቡና ለመንደሩ ሰው የሠርግ ማሟያ ሆኖ ቀረ። 1950 ቅዱስ ዓመት ተብሎ ምእመናን ከየአገሩ ጎረፉ፤ አዲሱ የቴርሚኒ ጣቢያም በዚያው ዓመት መጨረሻ ተመረቀ። የዘመኑን ሙሽሮች የሳለው ፌዴሪኮ ፌሊኒ ነው። በ1952 ባወጣው «ነጩ ሼክ» ፊልም ኢቫንና ዋንዳ ከክፍለ አገር በባቡር ይመጣሉ። ባል እያንዳንዱን ሰዓት በወረቀት አስፍሯል፦ ዘመድ መሳለም፣ ከተማ መጎብኘት፣ ከሁሉ በላይ የቫቲካን ቀጠሮ። ሚስት ግን በፎቶ የሚነገሩ የፍቅር ታሪኮችን ከምታነብበት መጽሔት ጀግና ጋር ለመገናኘት ሹልክ ትላለች። ባል ዘመዶቹን ሲዋሽ ይውላል፤ በመጨረሻው ሁለቱም እየሮጡ ቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ይደርሳሉ። ስለ ሮም የተሠሩ ፊልሞች ብዙ ናቸው፤ ስለ ሙሽሮች ጉዞ ግን ከዚህ የበለጠ እውነት የተናገረ አልተገኘም፤ ጉዞው በሌሎች የተጻፈ ፕሮግራም መሆኑን፣ ሙሽራዋም ከፕሮግራሙ ውጭ የራሷ ሕልም እንዳላት ያሳያልና።

የውጭውን ዓለም ሙሽሮች የመራው ግን የአሜሪካ ሲኒማ ነው። በ1953 የወጣው «የሮም በዓል» ኦድሪ ሄፕበርንንና ግሪጎሪ ፔክን በቬስፓ ላይ አስቀምጦ በከተማዋ አዞራቸው። በፊልሙ ሁለቱ አይጋቡም፤ ይህ ግን ጥንዶች ቬስፓ ከመከራየት፣ በስፔን ደረጃዎች ላይ ጄላቶ ከመላስና እጃቸውን ውሸታም ይነክሳል በሚባለው የድንጋይ አፍ ውስጥ ከመክተት አላገዳቸውም። በ1954 ደግሞ «ሦስት ሳንቲሞች በፏፏቴው» የተባለ ፊልም በ1762 የተጠናቀቀውን የትሬቪ ፏፏቴ የዓለም ሁሉ መዳረሻ አደረገው። ቀድሞ ከሮም የሚወጣ ሰው መመለስ ቢፈልግ ከፏፏቴው ውኃ ይጠጣ ነበር፤ ሳንቲም መወርወር የመጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። ከፏፏቴው ጎን የፍቅረኞች ምንጭ የምትባል ትንሽ ቦይ አለች። ወታደር ሊሆን የሚሄድ እጮኛዋን ልጅቷ በአዲስ ብርጭቆ ከዚያ ታጠጣውና ብርጭቆውን ትሰብረዋለች፤ እንዳይረሳት። ሲኒማ ያልደረሰባት ይህች ልማድ ከሳንቲሙ ይልቅ የሮማውያን ናት። የሚሰበሰበው ሳንቲም አሁን በዓመት ከ1 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ሆኖ ካሪታስ ለተባለው የካቶሊክ የበጎ አድራጎት ድርጅት ይሄዳል።

የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ የኢጣሊያ ብልጽግና የጉዞውን መሣሪያ ለወጠ። በ1955 ፊያት 600፣ በ1957 ፊያት 500 ወጡ፤ ሚላኖን ከኔፕልስ የሚያገናኘው የፀሐይ አውራ ጎዳና በ1964 ተጠናቀቀ። የፉሚቺኖ አየር ማረፊያ በ1960ው የኦሊምፒክ ጨዋታ ሰሞን አገልግሎት ጀመረ፤ ሻምበል አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶን ያሸነፈበት፣ በሩጫውም መንገድ ላይ የአክሱምን ሐውልት ያለፈበት ጨዋታ ነው። መኪና ያለው ኢጣሊያዊ ሙሽራ ወደ ባሕር ዳርቻ፣ በኋላም ወደ ውጭ አገር ዞረ፤ ሮም ቀስ በቀስ የባዕድ ሙሽሮች ከተማ ሆነች። በተለይ አየርላንዳውያን ካቶሊኮች ለቡራኬ፣ አንዳንዴም ለሠርጉ ራሱ ወደ ሮም መምጣትን ልማድ አድርገዋል።

የዛሬውን አጭር ሽርሽር የፈጠሩት ሁለት ነገሮች ናቸው። በአውሮፓ ኅብረት የአየር ትራንስፖርት ገበያ በ1997 ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ርካሽ አየር መንገዶች ቻምፒኖ በተባለው ትንሹ የሮም አየር ማረፊያ መመላለስ ጀመሩ፤ በ2009 ደግሞ ፈጣኑ ባቡር ሚላኖንና ሮምን በሦስት ሰዓት ገደማ አገናኘ። ዓርብ ማታ ገብቶ እሑድ ማታ መውጣት ተቻለ። ጫጉላውም ለሁለት ተከፈለ፦ ከሠርጉ ማግስት በአንድ ዋና ከተማ ሁለት ሦስት ሌሊት፣ ገንዘብና ፈቃድ ሲገኝ ከወራት በኋላ ረጅሙ ጉዞ። የሆቴሉን ቦታ በከፊል በኪራይ የሚያዙ አፓርታማዎች ወሰዱት። ከ2011 ጀምሮም ማዘጋጃ ቤቱ ከየእንግዳው በሌሊት ሒሳብ ክፍያ ይሰበስባል። በቴርሚኒ ዙሪያ ርካሽ አልጋ የያዙ ጥንዶች ዛሬ ማታ የእንጀራ ሽታ ሊያጋጥማቸው ይችላል፤ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ለቤት ሠራተኝነት የመጡ ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን ሴቶች፣ ኋላም ስደተኞች ሰፈሩን መገናኛቸው አድርገውታልና።

አዲስ ልማድ ሲፈጠር መንግሥት አሁንም ከኋላ ይከተላል፤ አሁን ግን ለመገፋፋት ሳይሆን ለመከልከል ነው። ፌዴሪኮ ሞቻ በ2006 ባሳተመው ልብ ወለድ ፍቅረኞች በሚልቪዮ ድልድይ ላይ ቁልፍ ቆልፈው መክፈቻውን ወደ ቲበር ወንዝ ይጥላሉ። አንባቢዎች ተከተሉ፤ በሚቀጥለው ዓመት የድልድዩ የመብራት ምሰሶ ክብደቱን መሸከም አቃተው፤ ማዘጋጃ ቤቱ ለቁልፎቹ የብረት ዘንጎች ቢያቆምም በ2012 ሁሉንም አስነሣ። ከ2019 ጀምሮ በስፔን ደረጃዎች ላይ መቀመጥ ያስቀጣል፤ የ1953ቱን ፊልም እየደገመ ጄላቶውን ይዞ የሚቀመጥ ሙሽራ ፖሊስ ፊሽካ ይነፋበታል።

የረቡዑ ቡራኬ አልተቋረጠም። በቅርቡ በቤተ ክርስቲያን የተጋቡ ጥንዶች ቲኬትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት ይዘው፣ ሙሽሪት ቬሎዋን ለብሳ፣ በቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ በተለየላቸው ቦታ ይቀመጣሉ። ለዚህ ሲሉ ጉዟቸውን ከሳምንቱ መካከል ጋር የሚያስማሙ አሉ። ከዓርብ እስከ እሑድ የሚቆዩት ግን ረቡዕን አያገኙትም፤ የሚደርሳቸው እሑድ እኩለ ቀን ላይ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ከመስኮት ሆነው የሚያደርሱት የመልአከ እግዚአብሔር ጸሎት ነው፤ እዚያ ደግሞ ለሙሽሮች የተለየ ቦታ የለም።